ክረምታችን ከወዴት ይመጣል?

እኔ ተወልጄ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ በተቆረቆረችው በደጀን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ በረሃው ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ጠመዝማዛውን ዳገት ከወጣ በኋላ የሚያገኛት ከተማ ደጀን ናት። ከባሕር የሚለየን ምድር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ከሰፈራችን ሰዎችም መካከል ባሕርን በዓይኑ ያየ ጥቂት ነው። ሆኖም በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፣ እኛ ደጀኖች በየዓመቱ የምንበላው እንጀራ ከሩቅ ባሕርና ከውቅያኖስ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን ጥናት የጀመርሁት ዕውቀቴን ለማሳየት ብዬ አይደለም፤ ካጠፋሁት ጥፋት የተነሣ ነው እንጂ። ስለዚህ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር።

የአያቴ ማሽላ

አያቴ ከከተማው በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ማሽላ የሚዘሩባት ጥቂት መሬት አለቻቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በግንቦት ወር መጀመሪያ ሁለት ቀን ሙሉ ብርቱ ዝናብ ዘነበ። እኔም በዚያው ሰሞን በጂኦግራፊ ትምህርት ስለ ዝናብ አምጪ ነፋሶች ተምሬ ስለ ነበር፣ «አባባ፣ ዝናቡ ገብቷል፤ ምን ይጠብቃሉ? ይዝሩ እንጂ» አልኋቸው። እርሳቸው ግን ከደጃፍ ቆመው ወደ ዓባይ ማዶ ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ደመና የመጣው ከምሥራቅ ነው። ነፋሱ ዞሮ ከወለጋ በኩል ካልነፈሰ ክረምት ገባ አይባልም» አሉኝ። እኔም ከደብተሬ ያነበብሁትን እየጠቀስሁ ተከራከርኋቸው። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ የተማርኸው አንተ ነህ» ብለው ዘሩን አስዘሩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ጠብታ አልወረደም። ማሽላው በቅሎ ጣት ያህል ከቆመ በኋላ ጠውልጎ ደረቀ። አያቴም ከጎረቤት ዘር ተበድረው በሰኔ እንደገና ዘሩ፤ ብድሩንም ከመከሩ ላይ ቀንሰው ከፈሉ። እኔን አንድ ቃል ስንኳ አልተናገሩኝም። ዝምታቸው ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «ክረምታችን ከወዴት ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ መምህሮቼን እየጠየቅሁ፣ መጻሕፍትንም እያገላበጥሁ ተከታተልሁት። ያገኘሁትንም እነሆ በተራ አቀርባለሁ።

ከደጋ እስከ ቆላ

ስለ አየር ጠባይ ለመማር የደጀን ተማሪ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የዓባይ ድልድይ ግን ከእርሷ 1400 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ጠዋት ጋቢ ደርቦ ከደጀን የተሳፈረ ሰው ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ልብሱን ያወልቃል፤ ላቡም ይፈስሳል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት እንዲህ ነው። አየር ዓይን ባያየውም ክብደት አለው። ከታች ያለው አየር ከበላዩ ባለው አየር ስለሚጫን የታመቀ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ጭነቱ ስለሚቀልለት ይስፋፋል፤ ሲስፋፋም ይቀዘቅዛል። በጠቅላላው ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት በደጀንና በድልድዩ መካከል የ9 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል ማለት ነው።

ሙቀቱ ሲለወጥ አዝርዕቱም፣ ዛፉም፣ አውሬውም ይለወጣል። በላይ፣ በጥቁሩ ዋልካ መሬት ላይ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ተዳፋቱ የማሽላ አገር ነው። ከዚያ በታች ግራርና ቁጥቋጦ፣ ዝንጀሮም የሚኖርበት ገደል ይገኛል። ወደ ሰሜን ብንመለከት ደግሞ ከፍታው ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ተራራ አለ፤ በዚያም ከገብስ በቀር እህል የማይደፍረው ብርድ አለና አስታና ጅብራ ይበቅሉበታል። አባቶቻችን ይህን ሁሉ ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው ለይተው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ሰይመውታል።

ከዚህም ሌላ በረሃው የራሱ ነፋስ አለው። ቀን ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌሊት ደግሞ የደጋው አየር ቀዝቅዞ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ከበረሃው ውስጥ ተኝቶ የምናየው ጉም ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ ሰዎች «ዝናባችን ከዓባይ ጉም ይመጣል» ይላሉ። ጉሙ እርጥበት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎጃምን በሙሉ ለሦስት ወርና ለአራት ወር የሚያጠጣ ውኃ ከአንድ ሸለቆ ጉም ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ ምንጩን ከዚያ ርቀን መፈለግ አለብን።

ውኃው ከወዴት ተነሣ?

ከምድር ገጽ 71 በመቶ የሚሆነውን የሸፈነው ባሕርና ውቅያኖስ ነው። በምድራችን ካለው ውኃ ደግሞ 97 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በዚያው ነው። ፀሐይ የባሕሩን ፊት ስታሞቀው ውኃው ተን ሆኖ ወደ አየር ይወጣል፤ ጨውም ከባሕሩ ይቀራል። ነፋስ ተኑን ተሸክሞ ይጓዛል። አንድ የውኃ ተን ተመልሶ እስኪዘንብ ድረስ በአየር ላይ የሚቆየው በአማካይ 9 ወይም 10 ቀን ያህል ነው።

እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ የድስቱን ክዳን ያነሣ ሰው ከውስጡ የተንጠለጠለውን ጠብታ አይቷል። ሙቁ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ወደ ውኃነት ይመለሳል። የኢትዮጵያም ከፍተኛ ምድር ሥራው ይህንኑ ይመስላል። እርጥቡ አየር ከቆላ ተነሥቶ የጎጃምንና የሌላውን ደጋ ተራራ ሲገጥም ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ተኑ ደመና፣ ደመናውም ዝናብ ይሆናል።

እንግዲህ ዝናቡ በክረምት ብቻ የሚበዛው ስለምን ነው? መልሱ በፀሐይ ጕዞ ላይ ነው። ፀሐይ አናት ለአናት በምትወጣበት የምድር መቀነት አየሩ ሞቆ ይነሣል፤ በተነሣውም አየር ቦታ ለመተካት ከሰሜንና ከደቡብ ነፋሶች ይመጣሉ። ሊቃውንት ይህን ስፍራ የሐሩር ነፋሳት መገናኛ ይሉታል። ይህ መገናኛ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ በየዓመቱ ይመላለሳል። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ይርቅና እኛ በደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሥር እንቀራለን፤ ያም በጋችን ነው። በየካቲትና በግንቦት መካከል ወደ ሰሜን ሲመለስ ከህንድ ውቅያኖስ በምሥራቅ በኩል የሚመጣ እርጥበት ለአንዳንዱ አገር የበልግ ዝናብ ይሰጣል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን መገናኛው እኛን አልፎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ያን ጊዜ ነፋሱ ይዞርና ከደቡብ ምዕራብ መንፈስ ይጀምራል። ይህ ነፋስ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ የተነሣውን እርጥበት ይዞ በኮንጎ ደን ላይ ያልፋል። በዚያ የዘነበውን ውኃ ዛፎቹ በቅጠላቸው ተን አድርገው መልሰው ለነፋሱ ይሰጡታል፤ ነፋሱም ወደ እኛ ያደርሰዋል። ከህንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕርም የሚጨመር እርጥበት አለ።

እዚህ ላይ ስደርስ የአያቴ ነገር ትዝ አለኝ። «ነፋሱ ዞሮ ከወለጋ በኩል ካልነፈሰ» ያሉት ይህንኑ ነበር! ከደጀን ሆኖ ለሚመለከት ሰው ደቡብ ምዕራብ ማለት ከዓባይ ማዶ፣ ወደ ወለጋ በኩል ነው። እኔ ስለ ነፋሶቹ ስም ተምሬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ነፋሱን ራሱን ያውቁታል። በግንቦት የዘነበው ዝናብ ከምሥራቅ የመጣ የበልግ ዝናብ ነበር፤ እኔ ደመና ሁሉ ክረምት መስሎኝ ነው የተሳሳትሁ።

ከፔሩ ዓሣ አጥማጆች የተማርነው

ነገር ግን ነፋሱ ሁልጊዜ በቀኑ አይዞርም። ይህን ለመረዳት በዓለም በሌላው ዳር ወዳለው ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሄድ ያስፈልገናል።

በደቡብ አሜሪካ በፔሩ ዳርቻ ያለው ባሕር እንደ ወትሮው ሲሆን ቀዝቃዛ ነው። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሙቁን ውኃ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል እየገፋ ስለሚያርቀው፣ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። ይህም ውኃ ለባሕር ተክሎች ምግብ የሚሆን ማዕድን ስለሚያመጣ ዓሣው እጅግ ይበዛል። በአንዳንድ ዓመት ግን ያ ነፋስ ይደክማል። ሙቁም ውኃ ወደ ፔሩ ይመለሳል፤ ዓሣውም ይጠፋል። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ያዩ የነበረው በልደት በዓል ሰሞን ስለ ነበር፣ በቋንቋቸው «ሕፃኑ» ለማለት ኤል ኒኞ ብለው ጠሩት።

ይህ ነገር በፔሩ ብቻ የሚቀር አይደለም። ውቅያኖሱ የሚሞቅበት ስፍራ ሲለወጥ አየሩ የሚነሣበትና የሚወርድበትም ስፍራ በዓለም ዙሪያ ይለወጣል። ወደ ኢትዮጵያ የክረምት እርጥበት የሚያመጡት ነፋሶች በኤል ኒኞ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ይደክማሉ። በተቃራኒው ፓስፊክ ከወትሮው በላይ ሲቀዘቅዝ፣ ላ ኒኛ በሚባለው ጊዜ፣ ክረምታችን ብዙ ጊዜ ይበረታል።

የታሪክን ምስክርነት እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ብርቱ ኤል ኒኞ ሆነና የፔሩ ዓሣ ተመናመነ፤ በዚያው ዓመት ክረምት፣ ይኸውም በ1964 ዓ.ም.፣ በወሎ ዝናብ ጠፋ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰውን እልቂት ወላጆቻችን ያውቁታል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት እንደዚሁ ብርቱ ኤል ኒኞ ነበር። በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ዝናቡ ስለ ቀረ፣ በ2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቍጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ዳሩ ግን ሁሉን በውቅያኖስ ላይ ማላከክ ትክክል አይደለም። ኤል ኒኞ ሁሉ ድርቅ አያመጣም፤ ድርቅም ሁሉ ረሃብ አይሆንም። በ1965 ዓ.ም. ችግሩ ተሸሽጎ እርዳታው ስለ ዘገየ ብዙ ሰው አለቀ። በ2008 ዓ.ም. ግን ማስጠንቀቂያው ስለ ታወቀና እህል ስለ ቀረበ እንዲያ ያለ እልቂት አልደረሰም። ከዚህ የምንማረው፣ የባሕርን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ የሰው ሕይወት የሚያድን መሆኑን ነው።

ውኃው ወደ ባሕር ሲመለስ

የዘነበው ዝናብ ሥራውን ሲፈጽም ወደ መጣበት ይመለሳል። ከጮቄ የሚነሡት እነ ሙጋ፣ እነ ሱሃ፣ እነ ጨሞጋ ወደ ዓባይ ይገባሉ። ዓባይ ጎጃምን ዞሮ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ግብፅና ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 86 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው። በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ861 የተሠራ የውኃ መለኪያ አለ። የግብፅ ሹማምንት ከዚያ ላይ የጐርፉን ከፍታ አይተው የዓመቱን ግብር ይወስኑ ነበር። ሳያውቁት የሚለኩት የእኛን ክረምት ነበር ለማለት ይቻላል። ዛሬ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ያንኑ ውኃ አቁሞ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ይለውጠዋል። እንግዲህ መብራታችንም እንደ እንጀራችን ከውቅያኖስ የተነሣ ተን ሥራ ነው።

የሚዞረው ግን ውኃ ብቻ አይደለም። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ናይትሮጂን ነው። ናይትሮጂን ለአዝርዕት እጅግ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ጤፍና ስንዴ ከአየር በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም። እንደ ሽምብራ፣ ጓያና ባቄላ ያሉት ግን በሥራቸው ላይ የሚኖሩ ረቂቃን ሕዋሳት ናይትሮጂኑን ከአየር ስበው ለመሬት ያወርሱታል። ገበሬዎቻችን ጤፍን ከሽምብራ ጋር የሚያፈራርቁት ስለዚህ ያማረ ምክንያት አለው። በአንጻሩ ኩበት ስናነድ ወደ እርሻው መመለስ የሚገባውን ምግብ ወደ ጢስ እንለውጠዋለን።

ነፋስም ማዳበሪያ ያመላልሳል። በቻድ አገር ቦዴሌ ከሚባለው የደረቀ የሐይቅ ወለል የሚነሣ አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ የአማዞንን ደን ያዳብራል። የአንዱ አገር ምድረ በዳ ለሌላው አገር ደን ምግብ ይሆናል ማለት ነው።

በበረሃው ውስጥ ያለ ባሕር

ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ወደ ዓባይ ስንወርድ፣ በመንገዱ ዳር ከተቆረጠው ነጣ ያለ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ነገር አየሁ። መምህራችን ሲያስረዱን፣ ይህ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህ ስፍራ በባሕር ተሸፍኖ ሳለ፣ ከባሕር እንስሳት ቅርፊትና ከደለል ተነባብሮ የተሠራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያህል ደግሞ ከመሬት ውስጥ የወጣ እሳተ ገሞራ ሸፈነው፤ እኛ የምናርሰው ጥቁር አፈር ከዚያ ድንጋይ የተገኘ ነው። ዓባይ ምድሩን እየቈረጠ ሲወርድ ሁሉንም እንደ መጽሐፍ ገጽ ገለጠልን።

ይህ ድንጋይ ስለ አየርም ያስተምረናል። የባሕር እንስሳት ቅርፊታቸውን የሚሠሩት በውኃው ውስጥ ከሟሟው ካርቦን ነው። ስለዚህ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ጥንት በአየር ላይ የነበረ ብዙ ካርቦን ታስሮ ይኖራል። በድንጋይ ከሰልና በነዳጅ ዘይት ውስጥም እንደዚሁ ነው። ተፈጥሮ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ያሰረችውን የሰው ልጅ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ አቃጥሎ ይፈታው ጀመር።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከምድር የሚወጣውን ሙቀት እንደ ጋቢ ይዞ ያስቀራል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 280 ያህሉ ነበር። ቻርልስ ኪሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በሐዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ከዚህም የተነሣ ከተጨመረው ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የተሸከመው ውቅያኖስ ነው። የሞቀ ባሕር ብዙ ተን ይሰጣል፤ የሞቀ አየርም በአንድ ዲግሪ 7 በመቶ ያህል የበለጠ ተን መያዝ ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ በኃይል ይወርዳል፤ አፈሩንም ጠርጎ ወደ ዓባይ ይወስደዋል።

እኛስ ምን እናድርግ?

ከደጀን ሆነን የፓስፊክን ሙቀት ልንለውጥ አንችልም። ነገር ግን በእጃችን ያለ ሥራ አለ። በተዳፋቱ ላይ እርከን መሥራትና ክትር መከተር አፈራችንን ያስቀርልናል። በየደብሩ ቅጥር የተጠበቁትን የአገር ዛፎች፣ እነ ወይራን፣ እነ ጥድን፣ እነ ዋንዛን ከአጥር ውጭም ማብዛት ይገባናል። ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው፤ ለቤትና ለማገዶ ቢጠቅመንም ውኃ ስለሚወድ ከምንጭ አጠገብ ባንተክለው ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ሁለቱን ዕውቀት ማጋባት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ውቅያኖሶችን ተመልክቶ ከክረምት በፊት የወቅቱን ትንበያ ይሰጣል። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ የአገራቸውን ነፋስ፣ ጉምና ደመና ያውቃሉ። ትንበያው ስለ ሰፊው አገር ሲናገር፣ የሽማግሌው ዓይን ስለ አንዲቱ ማሳ ይናገራል። እኛ ተማሪዎች በመካከል ሆነን አንዱን ለሌላው ማድረስ እንችላለን። እኔ ግን ያን ጊዜ ከመስማት ይልቅ መናገርን መረጥሁ፤ በዚህም የአያቴን ዘር አስበላሁ።

በዚህ ዓመት በግንቦት፣ ደመና ሲያንዣብብ፣ አያቴ ከደጃፍ ቆመው፣ «አንተ ልጅ፣ ራዲዮኑ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የሰማሁትን ነገርኋቸው። ከዚያም እኔ በተራዬ፣ «አባባ፣ ነፋሱስ ከወዴት ነው?» አልኋቸው። ጣታቸውን አርጥበው ወደ ላይ አነሡና ጥቂት ቆይተው፣ «ገና ነው፤ እንቆይ» አሉ። እኛም ቆየን። ማሽላው የተዘራው ነፋሱ ከዓባይ ማዶ መንፈስ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ይህን ስጽፍም በቅሎ ጕልበቴ ድረስ ደርሷል።